የእርስዎ ኢሜይል፣ ቁልፉ በእርስዎ እጅ

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 61 ነው። ልጄ ጠርታኝ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እዚህ አገር የሄድኩበት ሁሉ ኢሜይል ይጠይቁኛል። ሐኪም ቤት ይጠይቃል፣ የእንግሊዝኛ ትምህርት ለመመዝገብ ይጠይቃል፣ ሥራ ለማመልከትም ይጠይቃል። እስካሁን የምሰጠው የልጄን ነው። እሷ ነርስ ናት፤ ማታ ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች። መልእክቱ ወደ እሷ ይሄድና ሳታየው ቀጠሮ ያልፈኛል። አስተምሪኝ እንዳልላት ድካሟ ያሳዝነኛል። ከአዲስ አበባ ልነሳ ስል ስልክ የሸጠልኝ ልጅ ኢሜይል ከፍቶልኝ ነበር። አድራሻውንም ሚስጥር ቁጥሩንም አላውቀውም። ያኔ የነበረኝ ሲም እህቴ ጋ ቀርቷል። እኔ ኢንተርኔት የሚባል ነገር አልችልም። በዚህ ዕድሜ ይገባኛል ትላለህ? ደግሞ እህቴ ‹ዲቪ ደርሶሻል፣ ገንዘብ ክፈይ› የሚል ኢሜይል መጥቶላታል። እውነት ይሆን?»
የልጅ እናት ነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። «ኢንተርኔት አልችልም» ያሉትን ግን አልቀበልዎትም። ጥያቄዎ የደረሰኝ በቴሌግራም፣ በድምፅ ነው። በጽሑፍ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ማይክሮፎኗን ተጭነው፣ ተናግረው፣ ልከዋል። ከእህትዎ ጋርም በአይሞ እየተያያችሁ እንደምታወሩ ነግረውኛል። ያ ሁሉ ኢንተርኔት ነው። የቀረዎት ኢሜይል ብቻ ነው፤ እሱም የሚከብደው ለመጀመሪያው ቀን ነው።

ኢሜይል ከቴሌግራምና ከአይሞ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። እነዚያ የሚያውቁዎት በስልክ ቁጥርዎ ነው። ሲም ያስገባሉ፣ ኮድ ይመጣል፣ አለቀ። ኢሜይል ግን እንደ አገር ቤቱ የፖስታ ሳጥን ነው። የሳጥኑን ቁጥር ለፈለጉት ሰው ይሰጣሉ፤ ቁልፉ ያለው ግን እርስዎ ጋ ብቻ ነው። ቁልፉ ፓስወርድ የሚሉት ነው።

እዚህ አሜሪካ ደግሞ ኢሜይል ደብዳቤ መቀበያ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የባንኩም፣ የሐኪሙም፣ የሶሻል ሴኩሪቲውም፣ የኢሚግሬሽኑም አካውንት የሚከፈተው በእሱ ነው። የአንዱ ፓስወርድ ቢጠፋብዎ ማደሻው የሚላከው ወደዚያው ኢሜይል ነው። ስለዚህ ኢሜይሉን የያዘ ሰው ሌላውንም ሁሉ ሊከፍት ይችላል። ልጅዎን ልጠረጥርብዎ አይደለም። ግን የሁለታችሁ ጉዳይ በአንድ አድራሻ መሄዱ እሷንም ይጎዳታል። ለምሳሌ ሶሻል ሴኩሪቲ ጉዳይዎን በኢንተርኔት ለማየት ከሚያስገቡት በሮች አንዱ ሎጊን ዶት ጎቭ ነው። እሱ አንድን ኢሜይል ለሁለት ሰው አይቀበልም። ልጅዎ በራሷ ኢሜይል ከተመዘገበች በዚያው ኢሜይል እርስዎ መመዝገብ አይችሉም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የራስዎን ኢሜይል ይክፈቱ። ልጅዎ ታግዝዎ፤ ፓስወርዱ ግን በእርስዎ እጅ ይሁን።

አዲስ ከመክፈትዎ በፊት የድሮውን እንየው። ስልክዎ አይፎን ካልሆነ አንድሮይድ ነው ማለት ነው፤ ሳምሰንግም ቴክኖም አንድሮይድ ነው። ፕሌይ ስቶርን ይክፈቱ። ከላይ በስተቀኝ በኩል ክብ ነገር አለች፤ ፊደል ወይም ፎቶ ይኖርባታል። ሲነኳት ስምና የኢሜይል አድራሻ ይወጣል። ሻጩ የከፈተልዎ እሱ ነው፤ ጂሜይል ይባላል፣ ባለቤቱ ጉግል የሚባለው ድርጅት ነው።

የወጣው ስም የእርስዎ ነው ወይ? አገር ቤት አንዳንድ ስልክ ሻጮች ወረፋ ሲበዛባቸው የራሳቸውን ኢሜይል አስገብተው ይሰጣሉ። ለክፋት አይደለም፤ ሥራ ማቅለላቸው ነው። ነገር ግን የልጅ ልጆችዎ ፎቶና የመዘገቡት ስልክ ቁጥር ሁሉ ወደማያውቁት ሰው አካውንት ሊገባ ይችላል። የሌላ ሰው ስም ካዩ አይደንግጡ፣ ነገር ግን በችኮላ አያጥፉት። ከስልኩ ሲያወጡት አብሮት የተመዘገበው ቁጥር ሁሉ ሊሄድብዎ ይችላል። መጀመሪያ አዲሱን ይክፈቱ። ቁጥሮቹንና ፎቶዎቹን ወደ አዲሱ ያሻግሩ። ከዚያ በኋላ የድሮውን ያስወጡት።

ስሙ የእርስዎ ከሆነ ሊተርፍ ይችላል። ጉግል ፓስወርዱ የጠፋበትን ሰው ለመለየት ሲከፈት ወደተመዘገበው ቁጥር ስድስት አኃዝ ያለው ኮድ በኤስኤምኤስ ይልካል። ሲሙ እህትዎ ጋ መኖሩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ግን በመጀመሪያ ወደዚያ ቁጥር ይደውሉና ማን እንደሚያነሳው ይስሙ። ብዙ ጊዜ ካርድ ያልተሞላበት መስመር ይዘጋና ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። እህትዎ ካነሳች ሲሙን ስልኳ ውስጥ እንዳስገባች በአይሞ መስመር ላይ ይያዟት። ኮዱ ሲመጣ ታንብብልዎ። ወዲያው ካልገባ ጊዜው ያልፍበታል። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት አዲስ አበባ ከእናንተ በ7 ሰዓት ይቀድማል፤ በቀረው ጊዜ በ8። እርስዎ ቁርስ በልተው ቢደውሉ እዚያ ከሰዓት በኋላ ነውና ለሁለታችሁም ይመቻል። ይህን ሁሉ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይዘውት በመጡት ስልክ ላይ ያድርጉት፤ ጉግል የሚያውቀውን ስልክ የበለጠ ያምናል።

እኔ እርስዎን ብሆን ግን ብዙም አልታገልም ነበር። የድሮው ውስጥ የሚያሳሳ ነገር ከሌለ አዲስ መክፈቱ ይቀላል።

አሁን ወደ ልጅዎ እንምጣ። «ደከማት» ብለው ዝም ማለትዎ የእናት ወግ ነው፣ አልፈርድብዎትም። ግን አስቡት እስቲ፤ በየሳምንቱ «እስቲ ኢሜይልሽን እይልኝ» ከሚሏት አንድ የዕረፍት ቀኗን ቢወስዱባት ይሻላታል። «ልጄ፣ ቀጠሮዬን ራሴ ልከታተል፣ አንቺም ትረፊ» ይበሏት። እምቢ የምትል አይመስለኝም። ቡና ይፈላ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። አንድ ሕግ ብቻ ያስቀምጡ፤ ስልኩን የሚነካው የእርስዎ ጣት ብቻ ነው። እሷ በአፏ ትንገርዎ። ልጆች ሲያስተምሩ ትዕግሥት የላቸውም። ስልኩን ቀማ ያደርጉና በሁለት ሰከንድ ጨርሰው «ይኸው» ይላሉ። እሱ ትምህርት አይደለም። የልጅ ልጅዎም ቢሆን እጁን ኪሱ ውስጥ ይክተት።

ጊዜ ካጣች የሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት ዌይን አቬኑ ላይ አለልዎ። የካውንቲው ነዋሪ ካርድ በነፃ ያወጣል፤ በካርዱ ኮምፒውተሩንም ኢንተርኔቱንም በነፃ ይጠቀማል። እዚያ ከከፈቱ ግን ሲነሱ መውጣትዎን አይርሱ፤ «ሳይን አውት» የሚለውን ተጭነው ነው የሚወጡት። ኮምፒውተሩ ፓስወርድዎን ላስቀምጥ ወይ ካለ እምቢ ይበሉት። ዲሲ ውስጥ የምትኖሩ አንባቢዎች ደግሞ ይህን ያዙ፤ ከፈረንጆቹ 2004 ጀምሮ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ የማቅረብ ሕግ አለባቸው። አማርኛም ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። «አማሪክ» ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አዲሱን ኢሜይል ለመክፈት ጉግል የሚሰጥዎትን ቅጽ ሲሞሉ ግሪን ካርድዎን ከፊትዎ ያስቀምጡ። ስምዎን የሚጽፉት እዚያ ላይ ባለው ፊደል፣ በዚያው ተራ ነው። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መልኩ ብዙ ነው። ፀሐይ የምትባል ሴት አንዱ ጋ በቲ ትጀምራለች፣ ሌላው ጋ በኤስ። ላስት ኔም በሚለው ቦታም አንዳንዱ የአባቱ ስም ተጽፎለት መጥቷል፣ አንዳንዱ የአያቱ። ጉግል እንኳ ግድ የለውም። ግን ይህን ኢሜይል ለመንግሥት ቤት ሲሰጡ ስሙ ከሰነድዎ ጋር ካልገጠመ «ይቺ ማን ናት?» ይመጣል።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። በእኛ አቆጣጠር 1957 የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ 1964 ወይም 1965 ነው። የኛን ከሞሉት በሰባት ስምንት ዓመት ያረጃሉ። ካርዱ ላይ የሰፈረው ቀን የተገመተ ነው ይሉኝ ይሆናል፤ የብዙዎቻችን እንደዚያ ነው። ይሁን፣ እዚያ ያለውን ይሙሉ። ወሩ ከቀኑ እንደሚቀድምም አይዘንጉ፤ ይህ ወደፊት በሚመጡልዎ የቀጠሮ መልእክቶች ላይም ይሠራል። 03/04 ብለው ከጻፉልዎ ማርች 4 ነው።

ቀጥሎ አድራሻ ይመርጣሉ። ጂሜይል ከ6 እስከ 30 ፊደልና ቁጥር ይቀበላል። ስምዎና የአባትዎ ስም በቂ ነው። ቀድሞ የያዘው ሰው ካለ ቁጥር ይጨምሩበት፤ የተወለዱበትን ዓመት ግን አይጨምሩ፣ ለአታላይ መነሻ ይሆነዋል። የልጅ ልጅዎ የሚያስቅ ስም ላውጣልሽ ቢልዎ እሺ አይበሉት። ይህን አድራሻ ነገ ለኢሚግሬሽን ቤት ነው የሚሰጡት። አጭር ቢሆን ደግሞ ይሻላል፤ በስልክ ፊደል ሲቆጥሩ ቢ እና ፒ፣ ዲ እና ቲ ይምታታሉ። የተከፈተውን አድራሻ በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፈው ቦርሳዎ ውስጥ ያኑሩ። ሲጠየቁ ወረቀቱን ያሳዩ፤ ከመቁጠር ያድንዎታል።

ፓስወርዱ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ጉግል ቢያንስ 8 ፊደል ይላል፤ እኔ ረዘም ይበል እላለሁ። የልጅዎ ስምና የልደት ዓመቷ አይሁን፤ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው። እርስ በእርሳቸው የማይገናኙ ሦስት የአማርኛ ቃላት ይምረጡና በእንግሊዝኛ ፊደል ያያይዟቸው። ለምሳሌ ምጣድ፣ አህያ፣ ዝናብ። መሐል ላይ ቁጥር ጣል ያድርጉ። ይቺን ራሷን ግን እንዳይወስዷት፣ አሁን ይህን ያነበበ ሁሉ አውቋታል።

ከዚያ ደብተር ላይ ይጻፉት። አዎ፣ ይጻፉት። ኮምፒውተር አዋቂዎች ይህን ሲሰሙ ይቆጡኛል። ግን በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው ኢሜይሉን የሚያጣው ቤቱ ገብቶ ደብተር በገለጠ ሌባ አይደለም፤ ረስቶት ነው፣ ወይም ከሩቅ የሚደውል አታላይ አባብሎት ነው። ደብተሩ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከፓስፖርትዎ ጋር ይቀመጥ። ከስልኩ ጋር ቦርሳ ውስጥ ግን አይሁን።

ጉግል ፓስወርድ ሲጠፋ የሚያገኝዎት በምን እንደሆነ ይጠይቅዎታል። ስልክ ቁጥር ሲል የአሜሪካውን የራስዎን ይስጡ። ሌላ ኢሜይል ሲል የልጅዎን ይስጡ። ቢጨንቅ የምትደርስልዎ በዚህ በኩል ናት። አደራ የምልዎት ስልክ ቁጥር ሲቀይሩ ነው። በየወሩ የሚሞላ ርካሽ መስመር ይዘው ከሆነ ሳይሞሉት ሲቀሩ ቁጥሩ ይሄዳል። ቁጥር ከመቀየርዎ በፊት ጉግል ላይ አዲሱን ያስገቡ። የብዙ ሰው ኢሜይል የሚዘጋው በዚህ ነው፤ ፓስወርዱን እያወቀ ኮዱ ወደጠፋ ቁጥር ይሄድበታል።

በዚሁ ላይ አገር ቤት ለፋሲካ መሄድ ይኖራል። የአሜሪካው ሲም አዲስ አበባ ላይ ላይሠራ ይችላል፣ ኮዱም አይደርስዎትም። ለዚህ መላ አለው። ሁለተኛ መቆለፊያውን፣ ማለትም ከፓስወርዱ በተጨማሪ ኮድ የሚጠይቀውን፣ ሲያበሩ ጉግል እያንዳንዳቸው 8 አኃዝ ያላቸው 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል። ልጅዎ አትማ ትስጥዎ። አንዱ የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው፤ የተጠቀሙበትን ይሰርዙት። ሲጓዙ ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ።

ይህ ካለቀ አጠቃቀሙ ቀላል ነው። በፊት ገጽ ላይ ያላዩትን መልእክት «ፕሮሞሽን» እና «ስፓም» በሚሉት ውስጥ ይፈልጉት። ጉግል አንዳንዴ የሐኪም ቤት ቀጠሮን ማስታወቂያ መስሎት እዚያ ይከተዋል። ቁርስ ላይ አንዴ ማየት ይበቃል። ሲጽፉ «ሰብጀክት» በሚለው መስመር ላይ ጉዳዩን በሦስት አራት ቃል ብቻ ያስቀምጡ፣ ደብዳቤው ከታች ነው። እኛ ደብዳቤ ስንጽፍ ጤና ጠይቀን፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብለን፣ ከዚያ ነው ወደ ነገሩ የምንገባው። የዚህ አገር ቢሮ ሁለት መስመር ይበቃዋል። ስምዎን፣ የተወለዱበትን ቀን፣ የፈለጉትን ነገር ይጻፉ፣ አለቀ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎን ግን በኢሜይል አይላኩ፣ ማንም ቢጠይቅ። የመጣልዎ እንግሊዝኛ ከከበደዎ ገልብጠው ጉግል ትራንስሌት ላይ ያስገቡት። አማርኛው አንዳንዴ ያስቃል፤ ቀጠሮ መሆኑንና ማስታወቂያ መሆኑን ለመለየት ግን ይበቃል።

ሳይከፍቱት ዝም ብለው እንዳይተዉት ደግሞ። ጉግል ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንት ሊያጠፋ ይችላል፤ ከፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ ጀምሮ ነው ይህን ማድረግ የጀመረው።

ስለ ኮድ አንድ ነገር ሳልነግርዎ አላልፍም። እህትዎ ኮድ ታንብብልዎ ብያለሁ፤ እሱን የጠየቁት እርስዎ ስለሆኑ ነው። ሳይጠይቁ የመጣ ኮድ ግን ለማንም አይነበብም። «ከባንክ ነው»፣ «ከጉግል ነው»፣ «በስህተት ወደ አንቺ የተላከ ኮድ ነው» ብሎ በጥሩ አማርኛ የሚደውልም አለ። ቴሌግራማቸው የተጠለፈባቸውን ዘመዶችዎን ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ የተጠለፉት ኮዱን ራሳቸው አንብበው ሰጥተው ነው። ስልኩን ይዝጉት። ባለጌ መባል አይፍሩ።

የእህትዎ ኢሜይል ውሸት ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲቪ ለደረሰው ሰው በኢሜይል «ደርሶሃል» አይልም፣ በኢሜይል ክፈልም አይልም። ውጤቱ የሚታየው ዶት ጎቭ ብሎ በሚያልቀው የዲቪ ድረ ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ሲሞላ በተሰጣት የማረጋገጫ ቁጥር። ቁጥሩ ቢጠፋባትም ድረ ገጹ ስሟን፣ የልደት ቀኗንና ሲሞላ የገባውን ኢሜይል ጠይቆ መልሶ ይሰጣታል። ችግሩ ግን ፎርሙን ኢንተርኔት ቤት አስሞልታ ከሆነ የገባው ኢሜይል የኢንተርኔት ቤቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ወደሞላላት ቤት ትሂድና በየትኛው ኢሜይል እንደሞላላት ትጠይቀው፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ ያለበትን ወረቀትም ትቀበለው። ውጤቱን ራሷ እስክታይ ድረስ ለማንም አንድ ብር እንዳትከፍል ይንገሩልኝ።